ሳልዳስሰው የፈረምኩለት ፈረስ

ቢሾፍቱ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ባለጋሪዎች ከኋላዬ «ክፉዋ ዶክተር» ይሉኛል። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ካየሁ መሀል መንገድ ላይ ጋሪውን አስፈትቼ ነው የማስቆመው። ተሳፋሪው ቢያጉረመርም፣ ባለጋሪው በእናቴ ስም ቢለምነኝ አልሰማም። ስሙን እንደ ማዕረግ ይዤው ኖሬያለሁ። ባለፈው ጥር ምዕራብ ጎጃም ደርሼ ስመለስ ግን ያ ስም እንደማይገባኝ አውቄ ነው የተመለስኩት። ክፉ መሆን በነበረብኝ ቦታ ጨዋ ሆንኩ፤ በጨዋነቴ አንድ ፈረስ ሞተ።

ይህን የምጽፈው ለሙያ ጓደኞቼና ያን አገር አይተው ለማያውቁ ሰዎች ነው። የሙያ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ራሴን ከስሼ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ደብዳቤው ግን አንድ ገጽ ነው። አንድ ገጽ ላይ ያልገባልኝን እዚህ ልጻፈው።

ረቡዕ

ገና ሳይነጋ ከቢሾፍቱ ተነስቼ አዲስ አበባ ላይ የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑን ሦስት ቀን ሙሉ በስልክ ስጠይቅ ከርሜያለሁ። ሹፌሩንም ደግሜ ብጠይቀው «ክፍት ባይሆን እኔስ ልጆች የሉኝም?» ብሎ ዝም አሰኘኝ። የመድኃኒት ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሲጭኑ «ከላዩ ከባድ ነገር እንዳታደርጉበት» አልኩ። «ችግር የለም፣ እናት» አሉኝ። የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ደጀን ላይ ስንቆም ቀና ብዬ አየሁ፤ ሙሉ ጆንያ ሽንኩርት ሻንጣዬ ላይ ተንፈላሷል። ለፈረሶቹ ከያዝኳቸው ትልልቅ የግሉኮስ ከረጢቶች ግማሾቹ ፈንድተው ልብሴን ሁሉ አርሰውታል። ረዳቱን በአደባባይ አዋረድኩት። «ሰው የተነገረውን ካልሰማ ለምን ጆሮ ተፈጠረለት!» ስለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሁን ሳስበው በማግስቱ ለምሠራው ሥራ ያንን ንግግር ለራሴ ባስቀምጠው ይሻል ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ በያይነቱ በላን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መንገዱ እንደሚያዞረኝ አይተው የመስኮቱን ቦታ ለቀቁልኝና እስከ ፍኖተ ሰላም ሎሚ እየቆረጡ ሲያሸትቱኝ ሄዱ። እኛ ጋ ለሦስት ዓመት የማውቃት ጎረቤቴ ስሜን እንኳ አታውቅም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አቶ ሙላት መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በትርፍ ጊዜው የፈረሰኞች ማኅበር ጸሐፊ ነው። እኔን በስልክ አፈላልጎ ያገኘኝና የጠራኝም እሱ ነው። ሻንጣዬን ነጥቆ ተሸከመ፤ እርጥብ መሆኑን ሸሚዙ ላይ ሲያንጠባጥብ ነው ያወቀው። ያሳረፈኝ ሆቴል ውኃ ስላልነበረው ራሱ ሁለት ጀሪካን ከጎረቤት አምጥቶ በሬ ላይ አስቀመጠልኝ።

ማታ ራት ላይ ስለ ግልቢያው አጫወተኝ። ሃያ ስድስት ፈረሶች ከጅጋ ይነሳሉ፤ በገጠር መንገድ እየዞሩ እኩለ ቀን ላይ ፍኖተ ሰላም ያርፋሉ፤ ከዚያ ቡሬ ይገባሉ። ቀድሞ መግባት ብቻውን አያሸልምም፤ ፈረሱ ጤነኛ ሆኖ መግባት አለበት። ስለዚህ በየማረፊያው ሐኪም የልብ ምቱን ያዳምጣል፣ ድዱን ያያል፣ ቆዳውን ይቆነጥጣል፣ ሆዱን ያዳምጣል፣ ያስኬደዋል። የሐኪም ፊርማ ያላረፈበት ካርድ የያዘ ፈረስ አንድ እርምጃ አይንቀሳቀስም። ካርዱን እኔው ነኝ ከውጭ አገር ደንብ ቀድቼ፣ እንደወረደ በእንግሊዝኛ አሳትሜ የላክሁላቸው። ኮርቼበት ነበር።

«እኛም የራሳችን ደንብ አለን» አለኝ ሙላት። «ፈረስ በግልቢያ ላይ ቢሞት፣ ጥፋቱ የጋላቢው ካልሆነ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ተባብሮ ሌላ ፈረስ ይተካለታል። ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ግን አይተካለትም፤ ስሙም ከማኅበሩ ይሰረዛል። ይህን የሚለየው እንግዲህ የሐኪም ቃል ነው።»

«በእኔ ጊዜ ፈረስ አይሞትም» አልኩት። ይህን ቃል በዚህ አፌ ነው ያልኩት።

ሐሙስ

ጅጋ ገና በማለዳ ሞልታ ጠበቀችን። ገበያተኛው እህሉን እንደተሸከመ ቆሞ ፈረስ ያያል። እኛ ጋ ፈረስ የጋሪ ሞተር ነው፤ ሲያረጅ መንገድ ላይ ይለቀቃል። እዚህ ግን ፈረሱ ከባለቤቱ የተሻለ ለብሷል። የአንድ አዛውንት የራሳቸው ኮት ክርኑ ተቀዷል፤ የፈረሳቸው የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱ፣ ግን ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሐር ይንዠረገግበታል።

ሥራ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ኮርቻ አስወረድኩ። አንዱ ያነክሳል፤ መለስኩት። ሌላው ጀርባው ተገጥቧል፤ መለስኩት። የሁለተኛው ባለቤት «ዶክተር፣ አገር ሰው እያየኝ?» ብሎ ቢለምነኝ «አገር ሰው የሚያየው ቁስሉን ነው» አልኩት። ሕዝቡ ሳቀ፤ ደስ አለኝ።

አሥራ አራተኛው ላይ አቶ ስንሻው የሚባሉ የቋሪት ገበሬ ቀረቡ። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ይሆናል፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ፈረሳቸው ቀላ ያለ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ ሳደርግ ቦራ ዞር ብሎ ትከሻዬን አሸተተኝ። የልብ ምቱ ሃምሳ ሁለት ነው። ቆሞ ላደረ ፈረስ በዛ።

«ምነው አባቴ፣ ደክሞታል?» አልኳቸው።

«ትንሽ መንገድ ነክቶት ነው እንጅ ደኅና ነው፣ ዶክተር።»

ምን ያህል መንገድ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ካርዱም አይጠይቅም። ቁጥሩን አከበብኩበትና ፍኖተ ሰላም ላይ ይህን ፈረስ ከሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ሃያ አራት ፈረሶች ተነሡ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ፍኖተ ሰላም ገቡ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከገቡ በኋላ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የልብ ምታቸው ከስልሳ አራት በታች መውረድ አለበት። አሥራ ሰባቱን በደንብ አየሁ። ሰባት ሲቀሩኝ ሙላት መጥቶ ጆሮዬ ሥር አጎነበሰ።

«ዶክተር፣ ምሳ ደርሷል።»

«ሰባት ቀርተውኛል።»

«ገብቶኛል። ግን አባቶች ቆመዋል።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከተማው ለእንግዶች ዳስ ጥሏል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ቄስ መኮንን ከሌሎች ስምንት ሽማግሌዎች ጋር በዳሱ በር ላይ ቆመዋል። አንዲት ሴት ማስታጠቢያ ይዛ ትጠብቃለች። እኔ ሳልገባ ማንም አይቀመጥም፤ እኔ ሳልታጠብ ማንም አይታጠብም። ከእነዚያ ሽማግሌዎች ውስጥ ከሌሊት ጀምሮ ያልቀመሰ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው አለ። ቄስ መኮንን ከሩቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰገድ አሉልኝ፤ «አይቸኩሉ» ለማለት ነው። እሱ ባሰብኝ። ቢቆጡኝ ኖሮ እንቢ እላቸው ነበር። ቁጣ ለምጃለሁ።

ወደ ሰባቱ ፈረሶች ዞርኩ። ጥላ ሥር ቆመዋል፤ አንዱም አልወደቀም። ደኅና ይመስሉኛል አልኩ። ሰባቱን ካርዶች ከሙላት እጅ ተቀብዬ ከፊታቸው ያየኋቸውን ፈረሶች የሚመስል ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ ሃምሳ ስድስት፣ ስልሳ፣ ሃምሳ ስምንት። ፈረምኩ። ከሰባቱ አንዱ የቦራ ነበር። አክብቤው የነበረውን ቁጥር በዐይኔ አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም።

ሙላት ካርዶቹን ሲመልስላቸው «የዶክተሯ ዐይን ይበቃል፣ ከሩቅም ታያለች» ሲል ሰምቼዋለሁ። አላረምኩትም።

ዶሮ ወጡ ጣፋጭ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በፒካፕ ወደ ቡሬ ስንሄድ ስልክ ተደወለ። ከቡሬ በዚህ በኩል፣ የበርበሬ ማሳ ዳር ላይ አንድ ፈረስ ወድቋል። ስንደርስ ቦራ በጎኑ ተኝቶ ሆዱን በእግሩ ይመታል። ድዱ ወይን ጠጅ መስሏል። ሆዱ ላይ ማዳመጫ ባደርግ ድምፅ የለም፤ ፀጥ ብሏል። የልቡ ምት መቶ አልፏል። የተረፉኝን የግሉኮስ ከረጢቶች ሁሉ አንድ በአንድ ሰጠሁት። ለእንዲህ ያለ ፈረስ የዚያ አሥር እጥፍ ነው የሚያስፈልገው። አቶ ስንሻው ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዝንብ ሲከላከሉለት ቆዩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሞተ።

አቶ ስንሻው ኮርቻውን ከአጠገባቸው አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ዶክተር፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፉም።»

«አይ፣ አጥፍቻለሁ እንጅ። ፍኖተ ሰላም ላይ ውኃ ባቀርብለት አልጠጣም አለኝ። ልነግርዎት ብየ መጣሁ። እጅዎን ታጥበው ተቀምጠዋል። ሰው ኸማዕድ ማስነሣት ነውር ነው ብየ ተመለስሁ። ደሞ ወረቀቱን ባየው ፈርመውበታል። ኸፈረሙማ አይተውታል አልሁና ጫንሁት።»

እኔ ሽማግሌዎቹን አፍሬ ፈረሱን ተውኩት። እሳቸው እኔን አፍረው ፈረሱን ተዉት። ይህን እዚያው ማሳ ዳር ላይ መናገር ነበረብኝ። «እግዜር ያጥናዎት» ብቻ አልኩ።

ዓርብ

ቡሬ ያደርኩት በሙላት እህት በወይዘሮ ስመኝ ቤት ነው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሆቴል እንድገባ አልፈቀዱም፤ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ ሳሎን መደብ ላይ ተኙ። ጠዋት ፊቴን አይተው «የኔ ልጅ፣ የደከሙበት ነገር ሲሞት እንዲህ ያደርጋል» አሉና እግሬን ሊያጥቡኝ ውኃ አሞቁ። አይሆንም ብዬ ብታገል አልሰሙኝም። ጎንበስ ብለው እግሬን ሲያሹ «እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ «የውኃው ሙቀት በዛብሽ?» አሉኝ። አልበዛም አልኩ።

አራት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቄስ መኮንን በጸሎት ከፈቱ። አቶ ስንሻው በር አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ኮርቻው እግራቸው ሥር ነው። ስብሰባው ሳይጀመር ሙላት ወደ ጎን ወስዶ ነግሮኛል።

«ዶክተር፣ ሳታዪ መፈረምሽ ከተጻፈ የአንቺም ፈቃድ ይሄዳል፣ ግልቢያውም ይዘጋል። ይህን ለማቋቋም ሁለት ዓመት ለፍቻለሁ። ፈረስ እንደሆነ እንዲሁም ይሞታል።»

ሙላትን ክፉ ሰው አድርጌ አልጽፈውም። ያለው ሁሉ እኔ ራሴ ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት ነው።

የሞቱን ምክንያት ስጠየቅ «በትክክል አልታወቀም» አልኩ። ከኮሚቴው አንዱ «እንግዲህ ሐኪሟ ደኅና ነው ብላ ፈርማለች። ኸዚያ ወዲህ የሞተው ሰውየው ሳያሳርፍ ቢጋልበው ነው» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ስንሻውም አዩኝ። ሲያዩኝ ዐይናቸው ውስጥ ክስ አልነበረም፤ መልሱን ከእኔ ለመስማት ነበር የሚጠብቁት። ዝም አልኩ። ሙላት ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው፤ ጋላቢው ፈረሱን ከአቅሙ በላይ በማስጋለቡ። ፈረስ አይተካላቸውም፤ ስማቸውም ይሰረዛል።

ቃለ ጉባኤው ዞሮ ሲመጣልኝ ፈረምኩ። በሁለት ቀን ውስጥ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ በሐሰት ፈረምኩ ማለት ነው። አቶ ስንሻው ተነሥተው ኮርቻቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉና ሁላችንንም እጅ ነሥተው ወጡ።

ቅዳሜ

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። ሹፌሩ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ ወረድኩ። ለሙላት ደውዬ «ለቅሶ ልድረሳቸው» አልኩት፤ አብሮኝ ተነሣ። ስለ እውነቱ አልነገርኩትም፤ ለራሴም አልነገርኩም። እግዜር ያጥናዎት ብዬ እመለሳለሁ ነበር ያልኩት።

ከጅጋ ወደ ገበዝ ማርያም የሚወጣው መንገድ ኮረኮንች ነው። መኪናው ሁለት ጊዜ ጎማ ፈነዳበት፤ ሁለተኛው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ፤ እኔን «እርስዎ እንግዳ ነዎት» ብለው ከለከሉኝ። ሽቅብ ነው፣ ከዚያም ሽቅብ ነው። በቆሎና በርበሬው ወደ ኋላ ቀርቶ ገብስና ድንች መጣ። ብርዱም መጣ። ገበዝ ማርያም ከደረስን በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄድን። ገደሉን ወርደን ስንወጣ ትንፋሽ አጥሮኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«አቶ ስንሻው ረቡዕ ዕለት ጅጋ የደረሱት በምን ነበር?» አልኩት ሙላትን።

«በቦራ ነዋ። በምን ይመጣሉ?»

ይህን ሁሉ መንገድ ቦራ ባለቤቱን ተሸክሞ ከግልቢያው በፊት ባለው ቀን ወርዶታል። ከውጭ የቀዳሁት ደንብ የተጻፈው ፈረስ በመኪና ተጭኖ ለሚመጣበት አገር ነው። በምን መጣህ ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለውም። እኔስ? እኔ አፍ ነበረኝ። «ትንሽ መንገድ ነክቶት ነው» ሲሉኝ ከየት ብዬ ብጠይቅ ጅጋ ላይ ይቀር ነበር።

ግቢያቸው ስንደርስ ጎረቤቶች ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ስንሻው ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እስከ በሩ መጡ።

«ኧረ በምን እግርዎ! ኧረ ምን በወጣዎት ይኸን ዳገት!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አገሬ ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ አቀረቡልን፤ እርጎ ጨመሩበት። «ቦራን ለማዳን የለፉትን ስንሻው ነግሮኛል። እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።  ቦራ ይታሰርበት የነበረው ግንድ በቤቱ በስተቀኝ አለ፤ ሥሩ የተቆረጠ ሣር ተከምሯል፤ ሲመለስ እንዲበላው ያዘጋጁለት ነው። ወይዘሮ አገሬ ሕመም ሲበረታባቸው ጤና ጣቢያ የሚደርሱት በእሱ እንደነበር፣ ባልየው ሩቅ አገር ለቅሶ የሚደርሱትም በእሱ እንደነበር የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው።

ከበላን በኋላ አቶ ስንሻው ከኮታቸው ኪስ ካርዱን አወጡ። በላስቲክ ጠቅልለውታል።

«አማርኛ ቢሆን እኔው አነበው ነበር። እስቲ ያንብቡልኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ የቦራ ልብ ምን ይል ነበር?»

«ሃምሳ ስድስት ይላል።»

«ደኅና ነው እሱ?»

«ደኅና ነው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ እውነታቸውን ነው። ደኅና ልብ ይዞ ተነሥቶ እኔ እላዩ ላይ ሁኜ ነው የቆመ። እኔ ነኝ የገደልሁት።» ወደ ሚስታቸው ዞረው «ሰማሽ አገሬ?» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ሰውየው በእኔ ቁጥር በራሳቸው ላይ ሲፈርዱ ማየት ስላቃተኝ ነው። «አባቴ፣ ይህ ቁጥር የቦራ አይደለም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ መቆማቸውን፣ ሰባቱን ሳልነካቸው መፈረሜን፣ ያከበብኩትን ቁጥር አይቼ ማለፌን፣ ትላንት ቡሬ ላይ እያወቅኩ ዝም ማለቴን። ሙላት መሬት መሬቱን ያያል። ወይዘሮ አገሬ ሳህኑን አነሡና ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ዐይኔን አላዩኝም።

አቶ ስንሻው ካርዱን ተቀብለው መልሰው በላስቲኩ ጠቀለሉት። አልጮኹም። 

«ይኸን ለኔ ብቻ ነው የነገሩኝ፣ ዶክተር። እኔን ገዳይ ያሉኝ ግን በሰው ፊት ነው።»

«በሰው ፊት እናገራለሁ» አልኩ።

«ነገ እሑድ ነው። ቄስ መኮንንም ኸዚሁ ደብር ነው የሚቀድሱት።»

መኝታ አነጠፉልኝ፤ ከቤቱ የተሻለውን ብርድ ልብስ ለእኔ ሰጡኝ። ተቀብዬ ተኛሁ።

እሑድ

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ቄስ መኮንን «እንግዳችን የሚናገሩት አለ» ብለው ቦታ ሰጡኝ። ቢሾፍቱ ላይ ባለጋሪ ሳዋርድ ድምፄ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። እዚያ ግን ሁለት ጊዜ «አልተሰማም፣ ከፍ አድርጊው» ተባልኩ። ከፍ አድርጌ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ አቶ ስንሻው አላጠፉም። ፈረሱ መሄድ እንደሌለበት ማወቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሳልዳስሰው ፈረምኩ፤ ቁጥሩን ፈጠርኩት፤ ከዚያም ሰውየው በእኔ ጥፋት ሲፈረድባቸው ቁጭ ብዬ ፈረምኩ።

አንድም ሰው አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ቄስ መኮንን ተነሡና ፊታቸው ተለውጦ «ጥፋቱ የኛም ነው። በምሳ ያጣደፍነዎት እኛ ነን» አሉ። ሙላትም ቀጠለ፤ «የጠራኋት እኔ ነኝ» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥፋቱ ለሁሉም ተከፋፍሎ ቀላል ይሆንልኝ ነበር። «አይደለም አባቴ» አልኩ። «እናንተ ምሳ ብዪ ነው ያላችሁኝ። ፈርሚ ያለኝ ሰው የለም። ትንሽ ጠብቁኝ ብያችሁ ቢሆን ትጠብቁኝ ነበር።»

ሙላት ቃለ ጉባኤውን ከቦርሳው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። የትላንት በስቲያውን መስመር ሰርዞ በምትኩ እኔ የምለውን ጻፈ፤ ፈረምኩበት። ፈረሱ እንዲተካ፣ ስማቸውም እንዲመለስ በዚያው ተስማሙ። አቶ ስንሻው ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ይግባልኝ» አሉ። «ሐኪም የመጨረሻውን ፈረስ ሳይዳስስ እጁን እንዳይታጠብ ይጻፍ። ሽማግሌም ቁሞ እንዳይጠብቀው። ፈረሱ በምን እንደመጣ ይጠየቅ። ወረቀቱም በአማርኛ ይሁን።» እኔ ስንት ዓመት ተምሬ ይህን አላሰብኩትም!

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። ፈረሳቸው ከሞተ ገና አራተኛ ቀኑ ነው።

ልሄድ ስነሣ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰዱት። «አባቴ፣ ይተዉት» ብል «እንግዳ ብቻውን አይሄድም» አሉ። ሙላት ፊት ፊት ሄደ፤ እኛ ተከተልን። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ገደሉን ወርደው ወጡ፣ ሻንጣዬን በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው። ዳገቱ ላይ እኔ ሳርፍ እሳቸውም ቆመው ይጠብቁኛል። ስለ ድንቹ በሽታ ጠየቁኝ፤ ስለማላውቅ አላውቅም አልኳቸው። «አላውቅም ማለትም ጥሩ ነው» አሉ።

መኪናው የሚቆምበት ዳር ስንደርስ ሻንጣውን አወረዱና አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። አፍረው ነበር፤ ዐይናቸው መንገዱ ላይ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር» አሉ። «በእግር አደከምሁዎት። በፈረስ ነበር መሸኘት የነበረብኝ።»